ሦስተኛው ታንከር

ሬሳው የተገኘው የሦስተኛው ታንከር ክዳን ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈትተው ሲነሳ ነው። የጣቢያው ኬሚስት ከታች፣ ጥቁሩ ከሰል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። አጠገቡ ባዶ የናሙና ከረጢትና አንዲት ትንሽ አካፋ ወድቀዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ሲቀር ሚስቱ ስትደውል አድራ፣ ጧት የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ባሌን ፈልጉልኝ ባትል ኖሮ ያንን ክዳን እስከ ሳምንቱ ማብቂያ የሚነካው አልነበረም።

ኢንስፔክተሯ የብረቱን መሰላል ጉልበቷን እየረገመች ወጥታ ቁልቁል አየች። ከኋላዋ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ እየተከተለ ያስረዳል። አሳዛኝ አደጋ ነው፣ ሰውየው ጥንቃቄ አያውቅም ነበር፣ ቤተሰቡ እንዳይጉላላ ነገሩ በቶሎ ቢዘጋ ጥሩ ነው አላት።

«ከወደቀ በኋላ ወጥቶ ቡሎኑን ከውጭ አጠበቀና ተመልሶ ገባ?» አለችው።

ኢንስፔክተሯ ገና ከጧቱ ራሷን አመማት። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ ሬሳ አስመርሯት አያውቅም፤ የሚያስመርሯት ሬሳው ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሰዎች ናቸው።

ጣቢያው የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ነው። ከጨርቅ ማቅለሚያዎችና ከመድኃኒት ፋብሪካው የሚወጣውን ውሃ ይቀበልና ኦክሲዳንት የሚሉትን ነጭ ዱቄት ቀላቅሎ፣ በከሰል በተሞሉ ረጃጅም የብረት ታንከሮች ውስጥ ያሳልፈዋል። ከሰሉ ዱቄቱን ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው ዱቄት ደግሞ ቀለሙንና መርዙን ይሰባብረዋል። ቀይ ሆኖ የገባው ውሃ ጠርቶ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፣ ከወንዙም የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ይስበዋል። ሦስተኛው ታንከር ለጥገና ተብሎ ውሃው ከተለቀቀ ቀናት አልፈዋል። ከሰሉ ግን እዚያው ነበር። በጎን ቀዳዳው በኩል አንድ ወፍራም የአየር ማራገቢያ ቱቦ ገብቶ አፉ ከሰሉ ላይ ተጋድሟል። አብሯት የመጣው ሳጅን ሁሉንም ፎቶ አነሳ፤ ያልተባለውንም ጭምር አነሳ፤ ልማዱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አደጋው አልሸጥ ሲለው ወደ መርዝ ዞረ። ዱቄቱ ሳምባ ያቃጥላል፣ ምናልባት ሰውየው ሆድ ብሶት ራሱ ውጦት ይሆናል አለ። ያ ወሬ ለሁለት ቀን ላይ ታች አስባላቸው። በመጨረሻ የአስከሬን ሐኪሙ ስልክ ደወለና ወሬውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አፈረሰው፦ መርዝ የለም፣ ቃጠሎ የለም፣ ውሃ የለም፣ ከመውደቁ የመጣች የግንባር ሰንበር ብቻ አለች። የሞተው አየር አጥቶ ነው። ኢንስፔክተሯ አመስግናው ልትዘጋ ስትል ሐኪሙ አንድ የከነከነው ነገር እንዳለ ነገራት። የሟቹ ጥፍሮችና የጣቶቹ አንጓዎች ደህና ናቸው። ጭረት እንኳ የላቸውም።

«የብረት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈበት ሰው» አላት «እጁ እስኪቆስል ግድግዳውን ይደበድባል። ይኸኛው አንዴም አልመታም።»

ዋና መሐንዲሱ ኬሚስቱ በሞተበት ጧት ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። መድረክ ላይ ቆሞ ስለዚሁ ጣቢያ ሲናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል። ጣቢያውን የነደፈው እሱ ነው፤ ስብሰባውም በእሱ ንድፍ ሌሎች ከተሞች ውስጥም ጣቢያ እንዲሠራ ለመወሰን የተጠራ ነበር። በዚያ ላይ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ቢሮው ሲገቡ ዓይኑ ቀልቷል። ለሁሉም ጥያቄ ሳይቸኩል፣ እንደ ጥሩ አስተማሪ መለሰላቸው።

ታንከሩን ለጥገና ለማናፈስ ራሱ ማራገቢያውን ማታ አስነስቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፍስ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ አጥፍቶት ወደ ስብሰባው እንደሄደ ተናገረ። ኬሚስቱ ሊገባ ማሰቡን ግን አልሰማም፤ ቢሰማ ኖሮ ይከለክለው ነበር። የሟቹን የስልክ መዝገብ ያየችው ኢንስፔክተሯ ያን ጧት ኬሚስቱ ደውሎልዎት የለም ወይ ብላ ስትጠይቀው አዎ፣ ስለ እናታችን የዓይን ቀጠሮ ነው ያወራነው አለ።

«ታንከሩ ሰፊ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክዳኑ ቢዘጋም ውስጡ ያለው አየር ሰዓታት ያቆያል። ምስኪን፣ ስንት ጊዜ ተጣርቶ ይሆን። ፓምፑ ይጮኻል፤ ማን ይሰማዋል? ያንን ክዳን የዘጋው ሰው ነው የገደለው።»

ሲወጡ ሳጅኑ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። ኢንስፔክተሯም ቢያንስ አንድ ሰው ሳያለፋት በመናገሩ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

ክዳን የመዝጋት ሥራ የመካኒኩ ነው። ባልደረቦቹ «ጥድፊያ» ይሉታል፤ ሥራን ጀምሮ ከመጨረስ ይልቅ ጨርሶ መጀመር ይቀናዋል እያሉ ይቀልዱበታል። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ኬሚስቱ ክዳን ከፍተህ ትተዋለህ ብሎ በሰው ፊት አምባርቆበት፣ ጥድፊያም የመፍቻ ሣጥኑን ወርውሮ እንደሄደ ሁሉም ይመሰክራሉ።

ጥድፊያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ያን ዕለት ወደ ሦስተኛው ታንከር ድርሽ አላልኩም አለ። ፓምፕ ቤት ነበርኩ አለ። የፓምፕ ቤቱ ሰው አላየሁትም አለ። እንግዲያው ፀጉር ልቆረጥ ወጥቼ ነው አለ። ፀጉር ቆራጩ ያን ቀን ቤቱን አልከፈተም። ከዚያ ሆዴን ቆርጦኝ ክሊኒክ ሄጄ ነው አለ፤ የቱ ክሊኒክ ሲባል ደግሞ ረሳሁት አለ።

«ስማኝ» አለችው ኢንስፔክተሯ፣ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጥላ። «ውሸት ከሆነ እንኳ አንዱን መርጠህ ጽና። እኔም ሰው ነኝ።»

ቡሎኖቹ ላይ በቅባት የታተመው የጣት አሻራ የጥድፊያ መሆኑ ሲረጋገጥ አሰረችው። ወሬው ከእሷ መኪና ቀድሞ ሰፈሩ ደረሰ። አዛዡ ደውሎ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አሁን ዝጊውና ወደ ሌላው እንሂድ አላት። እሺ ጌታዬ ብላ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ለብቻዋ ስትነጫነጭ ቆየች። ያ ያልቆሰለ እጅ አላስቀምጥ ብሏት ነበር። ጥድፊያ ዘግቶበት ከሆነ ሰውየው ስለምን ዝም አለ? ደንግጦ? ተኝቶ? የትኛውም ምክንያት ውሃ አያነሳም።

በማግስቱ ሐዘን ቤቱ ቀለል ሲል ጠብቃ ወደ ሟቹ ሚስት ሄደች። ሚስትየው ኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከሰው ሸሽታ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ኢንስፔክተሯ ፎጣ አንስታ እያደረቀች፣ ባሏ ተጣርቶ የሰማው ቢኖር ኖሮ ይተርፍ እንደነበር፣ ሰዓታት እንደነበሩት፣ ሰው ሁሉ በዚህ እንደሚንገበገብ ነገረቻት።

የመምህርቷ እጅ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«የምን ሰዓታት?»

«ውስጡ ያለው አየር...»

«ውስጡ እኮ ርጥብ ከሰል ነው» አለች። ከዚያ ሐዘኗን ለጊዜው ጥላ፣ ተማሪዎች ፊት እንደቆመች አስረዳቻት። የማጣሪያ ከሰል ሁለመናው ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ ውሃው ተለቆ ርጥብ ሆኖ ሲቀር ከአየሩ ኦክስጅኑን እየሳበ ያስቀራል። ታንከሩ ለቀናት ተከድኖ ከቆየ ውስጡ የሚቀረው አየር አየር ይመስላል እንጂ አየር አይደለም። ሽታ የለው፣ ጢስ የለው፣ አያስልም። «ሁለት ትንፋሽ ብቻ ነው። ሦስተኛውን የሚስበው ሰው ራሱን አያውቅም። ለመጮህም፣ ለመደብደብም ጊዜ የለውም። ስለዚህ ነው ማራገቢያ አሳድረው፣ በመለኪያ አይተው የሚገቡት።»

«ይህን እዚያ የሚሠሩት ሁሉ ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ባለቤቴ ያውቃል። ወንድሜማ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሁለት ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ ሲል ልጆቼ እንኳ ቤት ውስጥ ይቀልዱበት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የምታደርቀውን ብርጭቆ በዝግታ አስቀመጠች። ሰዓታት ያቆያል፣ ስንት ጊዜ ተጣርቶ ይሆን ያለው ሰው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«ምነው?» አለች መምህርቷ።

«ምንም።» ስትል ራሷን ታዘበች። ሳምንቱን ሙሉ ዋሹኝ እያለች ስትማረር ሰንብታ አሁን ራሷ ዋሸች።

ባሏ ወደ ታንከሩ ለምን ሊገባ እንደፈለገ ጠየቀቻት። መምህርቷ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም አለች። ኦክሲዳንቱ ቆሻሻውን ብቻ አይበላም፤ ቀስ በቀስ ከሰሉንም ይበላዋል። የተበላ ከሰል ቀለም ያነጣ ይሆናል እንጂ መርዙን እስከ መጨረሻው አይሰባብርም፤ ቁርጥራጩ ከጠራው ውሃ ጋር ይወጣል። ባሏ ታችኛው ሰፈር ስለሚጠጣው ውሃ ተጠራጥሮ ነበር። ለምርመራ የሚመጣለት የከሰል ናሙና ግን ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ ከመጠን በላይ ጥሩ። ስለዚህ በገዛ እጄ ከታች ዝቄ አመጣለሁ አለ።

«ናሙናውን የሚያመጣለት ማን ነበር?»

መምህርቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ኢንስፔክተሯ ፊት ላይ ቀረ። ብርጭቆውን መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ኢንስፔክተሯም ጥያቄውን አልደገመችውም።

ጥድፊያን ከእስር ክፍሉ ስታስወጣው ከስቷል። ወንበር ሰጠችውና በሩን ዘጋች።

«ታንከር ውስጥ የሚገባ ሰው ከላይ ጠባቂ ያቆማል። ያን ጧት መግቢያው ላይ እንድትጠብቀው ያዘዘህ ኬሚስቱ ነው። አንተ ግን ትተኸው ሄድክ። ልክ ነኝ?»

ጥድፊያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ክዳኑን አብረው ከፍተውት ነበር። ኬሚስቱ እኔ እስክወጣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ ብሎት ነበር። ግን ወንዙ ዳር ያለው ፓምፕ ቆመና ጠሩት፤ አሁን መጣሁ ብሎ ሮጠ። ሲመለስ ማንም አይታይም። ዝናብ ጀምሯል። ክዳን ከፍተህ ትተዋለህ ተብሎ ገና ትናንት ተሰድቧል። ጨርሶ ወጥቷል ብሎ ቡሎኑን አጠበቀ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች እንኳ አላየም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። «ስቀሉኝ። ባለቤቴ ፊት ብቻ አታቁሙኝ።»

ይህ ሰው ፓምፕ ቤት፣ ፀጉር ቆራጭ፣ ክሊኒክ እያለ ያዞራት ይህን ለመደበቅ ነበር። ደሟ ፈልቶ ልትጮህበት ነበር፤ ግን በእጅጌው ዕንባውን ሲጠርግ አየችና ተወችው።

«አንተ አልገደልከውም» አለችው። «ክዳኑን ስትዘጋ ሞቶ ነበር። ሁለት ትንፋሽ የሚባለውን አልተማርክም?»

ተምሯል። ቀና ብሎ አያት። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ አላመናትም፣ ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀው።

«ግን እኮ አየሩ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር» አለ።

«ማን ነው ያለው?»

«ዋናው፣ መሐንዲሱ። የአየር መለኪያው ከመደርደሪያው ሲጠፋ ኬሚስቱ ደወለለት። ጓንት ስላጠለቀ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ እኔ ነበርኩ የያዝኩለት። ዋናው መለኪያውን እኔ ይዤዋለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ለክቻለሁ፣ ማራገቢያው ሌሊቱን ሲነፍስ ነው ያደረው፣ ግባ ምንም አትሆንም አለው። ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ሳቁ።»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጨፈነች። «ይህን የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ከነገርኩዎት እዚያ እንደነበርኩ ይታወቃል ብዬ።»

ከዚህ በላይ ምን ትለዋለች? ሻይ አምጡለት ብላ ወጣች።

የጥድፊያ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች፤ የሦስት ውሸት ባለቤት ነው። ሳጅኑ ያነሳቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ያልተባለውን ያነሳባት ያ ልማዱ አሁን ጠቀማት፤ የቱቦውን አፍ በቅርብ አንስቶታል። ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ያለው ከሰል ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ውሃው ጠብታ ሠርቶ ይታያል። ከዚያው ታንከር ርጥብ ከሰል በበርሜል አስሞላች፤ ያንኑ ማራገቢያ፣ ያንኑ ቱቦ ከሰሉ ላይ አስጋድማ ሌሊቱን ሙሉ እንዲነፍስበት አደረገች። ጧት ሲያዩት ከቱቦው አፍ ፊት ያለው ከሰል ደርቆ ግራጫ ሆኗል፤ ሳጅኑ ሲነካው ብናኝ ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ።

ዋና መሐንዲሱ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያይ ያ የአስተማሪ ፊቱ አልተለወጠም። ምናልባት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ይሆናል አለ።

«አልጠፋም። ቢጠፋም ጎህ ሲቀድ ለክቻለሁ ብለውታል። ስልኩን የያዘው መካኒኩ ነበር። ለኔ ደግሞ የነገሩኝ ስለ እናትዎ ቀጠሮ እንዳወራችሁ ነው።»

«መካኒክ ራሱን ለማዳን የማይለው የለም።»

«ይሁን። ታንከሩ ውስጥ ሰው ሰዓታት ይቆያል ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት» አለች። «እርስዎ ያስተማሯቸውን ሠራተኞች ሁሉ ጠይቄአለሁ። አንድም ሰዓታት የሚል የለም። እኔን ለምን ሌላ ነገር አስተማሩኝ?»

ዋና መሐንዲሱ ፎቶዎቹን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ስለ ጣቢያው ማውራት ጀመረ፤ ሲጀመር ውሃው በእውነት ንጹሕ እንደነበር፣ ከሰሉ ከጠበቀው ቀድሞ መበላቱን ሲያውቅ ንድፉ ለሌሎች ከተሞች ታጭቶ እንደነበር፣ አንድ ዓመት ብቻ ቢያገኝ ያስተካክለው እንደነበር። ናሙናውን ካልተነካው የመጋዘን ከሰል እየዘገነ ለኬሚስቱ ይሰጠው ነበር። ለምኖት ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ እንነጋገር ብሎት ነበር።

«ትንሽ አዙሮት እንዲወጣ ነው ያሰብኩት» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ትንፋሽ» አለች ኢንስፔክተሯ።

አንገቱን ደፋ። ሳጅኑ ይዞት ሲወጣ እሷ የበርሜሉን ፎቶ እያየች ተቀመጠች። ያ ሰው የእህቱን ባል ወደ ሞቱ ሲልከው አብሮት ስቋል። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ያንን ጥሩ የሚመስል ውሃ ልጆቹን ሲያጠጣ ነበር። ለውሃ ቢሮው ደውላ ቧንቧው እንዲዘጋ ስትጠይቅ የምርመራው ውጤት ይፋ እስኪሆን መጠበቅ አለብን አሏት። ያኔ ነው የጮኸችው። ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ሁሉ በዚያ ስልክ ላይ ጮኸች፤ ቧንቧው በዚያው ቀን ተዘጋ።

ለመምህርቷ መንገር ነበረባት። በሩን ስትከፍትላት መምህርቷ ከፊቷ አነበበችው፤ ምናልባትም ከወጥ ቤቱ ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ስትናገር የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እናቴ ውስጥ ናት። ለሷ መካኒኩ ነው በያት። ለጊዜው ብቻ። ባሌን እንደ ልጇ ነበር የምትወደው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትችለውም።»

የኢንስፔክተሯ የፈረደበት ራስ እንደገና ሊፈነዳ ደረሰ። መልስ ሳትሰጥ ወደ ሳሎን ገባች። አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በእግሯ ኮቴ ግን እንግዳ መሆኗን አወቁ።

«ፖሊሷ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያ መካኒክ አመነ?»

መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ኢንስፔክተሯ ጥድፊያን አሰበችው፤ ፈትታው ወደ ቤቱ ሲሄድ እንኳ በጓሮ በኩል ነበር የሄደው።

«መካኒኩ አይደለም፣ እማማ። እሱ ምንም አላደረገም። ዛሬ ለቅቀነዋል።»

አሮጊቷ ማን ነው ብለው አልጠየቁም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ትንፋሽ አዞሩ። መምህርቷ አፏን በእጇ ይዛ ላለማልቀስ ስትታገል ሰሙ። ወንድ ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ለምን ብቅ እንዳላለም አልጠየቁም። ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ።

«ጫማዬን አቀብሉኝ» አሉ።

«ወዴት ነው፣ እማዬ?» አለች መምህርቷ።

«የመካኒኩ ሚስት ዘንድ። በሯ ላይ ቆሜ ጎረቤት እየሰማ የነፍሰ ገዳይ ሚስት ብያታለሁ። በሩን እንኳ አልዘጋችብኝም፤ ቆማ ሰማችኝ።» እጃቸውን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጉ። «መኪና አለሽ አይደል? መጀመሪያ እሷ ዘንድ አድርሽኝ። ከዚያ ልጄ ያለበት ትወስጅኛለሽ።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ጫማውን አጠለቀችላቸው።